ማሳ ላይ የተጨመረው ዩሪያ ወዴት ይሄዳል?

ሐምሌ ላይ የበቆሎ ማሳ አቋርጦ የሚያልፍ ሰው ከየተክሉ ሥር ነጫጭ የዩሪያ ፍሬዎች ተበትነው ያያል። በማግሥቱ በዚያው መንገድ ቢመለስ አንዱንም አያገኝም። የማሳው ባለቤትም ማዳበሪያው ቀልጦ መሬት ገብቷል ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ይዞራል። ዐይን የሚያየው ይህን ያህል ነው። ለሰብሉ ወሳኝ የሆነው ነገር የሚፈጸመው ግን ፍሬው ከዐይን ከተሰወረ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በእነዚህ ቀናት ዩሪያው ሁለት ጊዜ ይለወጣል፤ ከለውጡም በኋላ ከፊሉ ወደ ሰብሉ ሥር፣ ከፊሉ ደግሞ ወደ አየር ያመራል። የትኛው ድርሻ እንደሚበልጥ በአብዛኛው የሚወስነው አርሶ አደሩ ማዳበሪያውን የጨመረበት ቀንና ያስቀመጠበት ጥልቀት ነው።

ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ዩሪያ በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በከባድ መኪና ተጓጉዞና በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ተከፋፍሎ ነው አርሶ አደሩ እጅ የሚደርሰው። ይህን ሁሉ መንገድ የተጓዘ ማዳበሪያ ማሳው ላይ ከዋለ በኋላ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ በንኖ ቢጠፋ ወጪው መና ቀረ ማለት ነው። ሌባ የወሰደው ጆንያ ይፈለጋል፤ አየር የወሰደውን ግን የሚጠይቅ የለም።

መሟሟትና መለወጥ

ቅቤ እሳት ዳር ሲቀመጥ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል። መልኩ እንጂ ቅቤነቱ አልተለወጠም። ውኃም በረዶ ሆኖ ቢወርድ፣ ወንዝ ሆኖ ቢፈስ ወይም እንፋሎት ሆኖ ቢወጣ ያው ውኃ ነው። እንጨት ሲነድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከአመዱና ከጭሱ መልሶ እንጨት የሚሠራ የለም። የመጀመሪያውን ዓይነት የኬሚስትሪ ባለሙያዎች አካላዊ ለውጥ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ኬሚካዊ ለውጥ ይሉታል።

በሁለቱም ለውጥ የሚጠፋ ነገር የለም። ፈረንሳዊው የሳይንስ ሊቅ አንቷን ላቯዚዬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነገሮችን ከለውጡ በፊትና በኋላ በሚዛን እየመዘነ ያሳየው ይህንኑ ነው። አንድ ሸክም እንጨት ነድዶ አንድ ቁና አመድ ቢቀር፣ የጎደለው ክብደት ከጭሱና ከማይታየው ጋዝ ጋር ወጥቷል እንጂ ባዶ አልሆነም። አርሶ አደሩ ማዳበሪያው ጠፋ ሲልም እንዲሁ ነው። አልጠፋም፤ ሰብሉ ወደማይደርስበት ቦታ ሄዷል።

ዩሪያ ሁለቱንም ለውጦች በተራ ያልፋል። የመጀመሪያው መሟሟት ነው። አንድ እፍኝ ዩሪያ በጣሳ ውኃ ውስጥ ተጨምሮ ቢበጠበጥ ጣሳው እጅ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ዩሪያው ለመሟሟት ከውኃው ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ውኃው ቀስ ብሎ ቢደርቅ ነጩ ዩሪያ ተመልሶ ከታች ይገኛል። ስለዚህ ይህ ለውጥ አካላዊ ነው። በተለምዶ ቀለጠ ይባል እንጂ ዩሪያ በእውነት የሚቀልጠው በ133 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ነው፤ እንዲህ ያለ ሙቀት ደግሞ የትኛውም ማሳ ላይ የለም። ማዳበሪያው በጤዛ፣ በካፊያ ወይም በአፈሩ እርጥበት ይሟሟል። እስከዚህ ድረስ ምንም የባከነ ነገር የለም።

የጋጡ ሽታ

ሁለተኛው ለውጥ ወደ ኋላ አይመለስም። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ ጆንያው ውስጥ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። ከዩሪያ ክብደት ውስጥ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ የገዛ አርሶ አደር የገዛው 23 ኪሎ ናይትሮጅን ነው ማለት ይቻላል፤ የተቀረው ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው። ሰብሉን የሚያለመልመው ናይትሮጅኑ ቢሆንም ሥሮች በብዛት የሚስቡት በዩሪያነቱ ሳይሆን አሞኒየም ወይም ናይትሬት ወደሚባሉት መልኮች ከተለወጠ በኋላ ነው።

ለውጡን የሚያስጀምረው ዩሪኤዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቅ ተህዋስያንና ከዕፅዋት ይገኛል፤ ማሳው ላይ በቀረ ገለባና አገዳ ላይ በተለይ ይበዛል። ዩሪያው ከውኃ ጋር ሆኖ ከኢንዛይሙ ሲገናኝ ይፈርሳል፤ ሞቃትና እርጥብ አፈር ላይ ከሆነ ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠናቀቃል። ከመፍረሱ የሚገኘው አሞኒየምና የካርቦን ውሕድ ነው። አሞኒየም ጠጣርም ጋዝም አይደለም፤ በአፈሩ ውኃ ውስጥ ተሟሙቶ የሚኖር፣ ሸክላማ አፈር አጥብቆ የሚይዘው፣ ሥር የሚስበው ነገር ነው። እዚህ ላይ ቢቆም ሁሉም መልካም ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ዩሪያው በሚፈርስበት ጊዜ በፍሬው ዙሪያ ያለው አፈር ለጥቂት ቀናት ባሕርዩን ስለሚቀይር ነው። የአፈር አሲዳማነት በፒኤች ይለካል፤ 7 ማዕከል ሲሆን ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን ይባላል። አፈሩ በተፈጥሮው አሲዳማ ቢሆን እንኳ ዩሪያው ባረፈባት ጠባብ ቦታ ፒኤቹ ወደ 8 እና 9 ሊወጣ ይችላል። በፒኤች 7 ላይ ከአሞኒየሙ ወደ ጋዝነት የሚያዘነብለው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በፒኤች 9 ግን ከሲሶ በላዩ አሞኒያ ወደሚባለው ጋዝ ይለወጣል። ፍሬው ከላይ የተበተነ ከሆነ ደግሞ በጋዙና በአየሩ መካከል የሚያግደው ነገር የለም።

ይህን ጋዝ አርሶ አደሩ ያውቀዋል። ጠዋት የከብቶቹን ጋጥ ሲከፍት ዐይኑን የሚያቃጥለውና አፍንጫውን የሚሰነፍጠው ሽታ እርሱው ነው። ከብቶቹ ሌሊቱን የሸኑት ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ፤ ፋብሪካ የሚያመርተውና ላሚቷ የምትሸናው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቮለር በ1828 እ.ኤ.አ. ዩሪያን በቤተ ሙከራ እስከሠራበት ጊዜ ድረስ ይህ ነገር የሚታወቀው ከሕያዋን አካል የሚገኝ ሆኖ ነበር። የጋጡ ሽታ ማሳ ላይ የማይሰማው ሜዳው ሰፊ ስለሆነና ነፋሱ ስለሚበትነው ብቻ ነው።

የሚበንነው መጠን እንደ ሁኔታው ከጥቂት በመቶ አንሥቶ ሁኔታው እጅግ ሲከፋ 40 በመቶና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ለማሳያ ያህል፣ 100 ኪሎ ዩሪያ ከጨመረ አርሶ አደር ላይ 30 በመቶው ቢበንን የሄደው ወደ 14 ኪሎ የሚጠጋ ናይትሮጅን ነው። ይህም 30 ኪሎ ዩሪያ ከነጆንያው ሜዳ ላይ እንደ መጣል ይቆጠራል።

ከሁሉ የከፋው ቀን የትኛው ነው? ብዙዎች ደረቅ ፀሐይ ይመስላቸዋል። ፍጹም ደረቅ አፈር ላይ የወደቀ ዩሪያ ግን የሚያሟሟው ውኃ ስለሌለ ብዙም ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። ጠላቱ ትንሽ እርጥበት ነው። አፈሩ ርሶ፣ ከዚያ ካፊያ ጥሎ ወይም ጤዛ ወርዶ፣ ቀጥሎ ፀሐይና ነፋስ ሲከተል ዩሪያው ለመፍረስ የሚበቃ ውኃ ያገኛል፤ ወደ ውስጥ የሚያሰርገው ውኃ ግን አያገኝም። በአንጻሩ ዩሪያው በተጨመረ በሰዓታት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ደህና ዝናብ ቢጥል ሳይፈርስ ወደ አፈሩ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጠረውንም አሞኒያ አፈሩ መልሶ ይይዘዋል።

ዝናቡን ማዘዝ አይቻልም፤ አፈር ማልበስ ግን ይቻላል። ዩሪያውን ከተክሉ ጎን በጠባብ ፈር ጨምሮ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ማልበስ ብክነቱን በእጅጉ ይቀንሳል። በበቆሎና በማሽላ ላይ ይህ አዲስ ጉልበት አይጠይቅም። አርሶ አደሩ ቀድሞውንም ሽልሻሎ ያደርጋል። ዩሪያው ከሽልሻሎው በፊት ከተጨመረ በሬዎቹ አፈሩን ሲገለብጡ አብረው ያለብሱታል፤ ከሽልሻሎው በኋላ ከተበተነ ግን ሥራው ሁለት፣ ጥቅሙ ግማሽ ይሆናል። በብዙ ቦታ ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው ከዕውቀት ማነስ ይልቅ ዩሪያው ዘግይቶ በመድረሱ ነው፤ ይህ ደግሞ የአርሶ አደሩ ሳይሆን የሥርጭቱ ጉዳይ ነው።

ጤፍ ከባድ ነው። በብተና የተዘራ ጤፍ መካከል ገብቶ አፈር ማልበስ አይታሰብም። እዚህ ላይ ያለው መንገድ ቀን መምረጥ፣ መጠኑን ከፍሎ በሁለት ጊዜ መስጠትና ቅጠሉ ላይ ጤዛ ባለበት ሰዓት አለመበተን ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ የተጣበቀ ፍሬ ቅጠሉን ያቃጥላል። በመስመር የተዘራ ጤፍ ወይም ስንዴ ከሆነ ግን በመስመሩ ጎን መጨመር ይቻላል፤ በመስመር መዝራት ዘር ከመቆጠብ ሌላ ይህም ጥቅም አለው። ዩሪያን ከዘር ጋር አንድ ፈር ውስጥ መክተትም አይመከርም። የሚወጣው አሞኒያ ገና የሚበቅለውን ዘር ይጎዳል፤ አርሶ አደሩም ዘሩን ይወቅሳል።

ዋልካ ላይ

ከመብነን የተረፈው አሞኒየም በቀጣዮቹ ሳምንታት በሌሎች ተህዋስያን አማካይነት ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬትን ሰብሉ በደንብ ይስበዋል፤ አፈሩ ግን አይዘውም። የሸክላማ አፈር ቅንጣት አሉታዊ ሙል ስላለው አሞኒየምን እንደ ማግኔት ይስባል፤ ናይትሬት ግን ራሱ አሉታዊ ስለሆነ ይገፋዋል። በመሆኑም በቀላልና አሸዋማ አፈር ላይ ከባድ ዝናብ ናይትሬቱን ሥር ከሚደርስበት በታች ይዞት ይወርዳል። ዩሪያን በአንድ ጊዜ ከመጨመር ከፍሎ መስጠት የሚመከረው በዚህ የተነሣ ነው።

ውኃ በሚያቁር ዋልካ አፈር ላይ ያለው ታሪክ ደግሞ ይለያል። ውኃ ሲተኛበት በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አየር ይወጣል። ኦክስጅን ያጡት ተህዋስያንም ከናይትሬቱ ኦክስጅኑን ነጥቀው ይጠቀሙበታል፤ የተረፈው ናይትሮጅን በጋዝነት ወደ ላይ ይወጣል። ከአየሩ ውስጥ 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው፤ ፋብሪካው ከአየር ወስዶ፣ በብዙ ጋዝና ኃይል አቀነባብሮ፣ ጆንያ ውስጥ የከተተው ናይትሮጅን ወደ መጣበት ተመለሰ ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ውኃ የተኛበት ስንዴ ቢጫ ሲሆን ብዙ አርሶ አደሮች ተጨማሪ ዩሪያ ይበትኑበታል። ውኃው ሳይንጣፈፍ የሚጨመረው ዩሪያ ግን አብዛኛው የመጀመሪያውን ተከትሎ ይሄዳል። በዋልካ አፈር ወረዳዎች ሰፊ መደብና ቦይ እያወጡ መዝራት የሚበረታታው ሥሩ እንዳይታፈን ብቻ አይደለም፤ የተጨመረው ማዳበሪያም እዚያው እንዲቆይ ነው።

ኖራ፣ አመድና ኩበት

በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም እንዲሁም በአዊ ደጋማ ወረዳዎች የአርሶ አደሩ ራስ ምታት የአፈር አሲዳማነት ነው። በሀገር አቀፍ ደረጃም ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት እንደተጠቃ ይነገራል። ለዘመናት የወረደ ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየም የመሳሰሉትን አጥቦ ወስዷል። በቦታቸው የቀሩት ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ሥርን ይጎዳሉ፤ ፎስፈረስንም አስረው ይይዛሉ። በዓመት በዓመት የሚጨመረው ዩሪያና ኤንፒኤስም አሞኒየሙ ወደ ናይትሬት በሚለወጥበት ጊዜ አሲድ ስለሚለቅቅ ችግሩን ቀስ በቀስ ያብሰዋል። ይህ ማዳበሪያን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ኖራን ላለመርሳት ግን ይሆናል።

ኖራ የሚሠራው በኬሚካዊ ለውጥ ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ቢደረግበት አረፋ ያወጣል፤ አሲዱና ኖራው ተገናኝተው ሲለወጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ እየወጣ ነው። በአፈር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ አሲዱ ይመክናል፣ ጋዙ ይወጣል፣ ካልሲየሙ ይቀራል። ለውጡ የሚካሄደው ግን ኖራውና አፈሩ በሚነካኩበት ገጽ ላይ ብቻ ስለሆነ እንደ ዱቄት የላመ ኖራ በቶሎ ይሠራል፤ እንደ ጠጠር የቀረው ለዓመታት ባለበት ይቆያል። ላዩ ላይ ተነስንሶ የተተወም እንዲሁ። ከዘር ቀደም ብሎ ተነስንሶ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ያለበት ለዚህ ነው። ኖራው ሻካራ ሆኖ ቢቀርብ አርሶ አደሩ ጥያቄ የማንሣት መብት አለው።

ለቤት መለሰኛ የሚውለው የተቃጠለ ኖራ ሌላ ነገር ነው። ድንጋዩ በ900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲቃጠል ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው በጋዝነት ወጥቶ 56 ኪሎው ይቀራል። ይህ ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ ዐይንና ቆዳም ያቃጥላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መያዝ አደጋ አለው።

ኖራን ከዩሪያ ወይም ከኤንፒኤስ ጋር በአንድ ጊዜ መጨመር ደግሞ ከላይ የተነገረውን ብክነት በእጅ እንደ መጥራት ነው። ኖራ ፒኤችን ከፍ ያደርጋል፤ ፒኤች ሲጨምር አሞኒየሙ አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። በሁለቱ መካከል የሳምንታት ልዩነት ሊኖር ይገባል።

አመድም ከኖራ ጋር ተመሳሳይ ጠባይ አለው። እርጥብ ፍግ ላይ አመድ የሚደፋ ቤተሰብ ወዲያው ሽታው ሲብስ ያስተውላል፤ ያ ሽታ የፍጉ ናይትሮጅን ነው። አመዱን ለብቻው አጠራቅሞ ለጓሮ መጠቀም ይሻላል። ኩበት ሲነድስ? ናይትሮጅኑ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ከአመዱ ጋር የሚቀረው ፖታሲየምና ፎስፈረስን የመሰለው ነው። ማገዶ በሌለበት ቀበሌ ኩበት አታንድዱ ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ዋጋው ምን እንደሆነ ማወቅ ግን ተገቢ ነው።

የተጋገረው ዩሪያ

በየዓመቱ በመጋዘን በር ላይ ክርክር ከሚያስነሱት ነገሮች አንዱ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ዩሪያ ነው። አርሶ አደሩ ተበላሽቷል ብሎ አልወስድም ይላል፤ የመጋዘን ሠራተኛው ምንም አልሆነም ብሎ ይሟገታል። እዚህ ላይ የመጋዘን ሠራተኛው ልክ ነው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ዩሪያ ከአየር እርጥበት ይስባል። በ30 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ70 በመቶ ብዙም ሳያልፍ ፍሬዎቹ ላባቸው ይወጣል፤ አየሩ መልሶ ሲደርቅ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ለውጡ አካላዊ ስለሆነ ናይትሮጅኑ እዚያው አለ። ተከስክሶ ቢጨመር እንደ አዲሱ ይሠራል። ቅድመ ሁኔታው ጆንያው ያልፈሰሰና ያልሸተተ መሆኑ ነው። ከጆንያው ሥር ወለሉ የራሰ ከሆነ የተሟሟው ዩሪያ አብሮ ፈስሷል፤ ክብደቱም መጉደሉ አይቀርም። ስለዚህ ክርክሩን የሚፈታው ሚዛን ነው።

ጆንያዎችን ከግድግዳ አርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር፣ የተከፈተውን አፉን አስሮ ማስቀመጥ፣ ዩሪያን ከሌላ ማዳበሪያ ጋር ደባልቆ አለማሳደር ለማንም የሚከብድ አይደለም። ድብልቁ ለየብቻቸው ካሉት በበለጠ እርጥበት ይስባል። የሚደባለቅ ካለ በሚጨመርበት ዕለት ቢሆን ይመረጣል።

የወረዳ ሪፖርቶች ስንት ኩንታል እንደገባና ስንት እንደተሰራጨ በዝርዝር ይናገራሉ። ስንት ሄክታር ላይ ዩሪያው አፈር ለብሶ እንደተጨመረ የሚናገር ሪፖርት ግን እምብዛም አይገኝም። የልማት ሠራተኛው በክረምት ጉብኝቱ ይህን አንድ ዓምድ ቢጨምር ብዙ ወረቀት አያስፈልገውም።

አርሶ አደሩ በወሬ ሳይሆን በራሱ አፍንጫ እንዲያረጋግጥ ለሚፈልግ የልማት ሠራተኛ ደግሞ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ሊሠራ የሚችል ቀላል ሙከራ አለ። ክዳን ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ዕቃዎች ከአንድ ማሳ በተወሰደ እርጥብ አፈር እስከ ወገባቸው ይሞላሉ። በአንደኛው አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ አፈሩ ላይ ይነሰነሳል፤ በሁለተኛው ያንኑ ያህል ከሥር ተቀብሮ አፈር ይለብሳል። ሁለቱም ተከድነው ሞቅ ያለ ጥላ ሥር ለአምስት ቀን ያህል ይቀመጣሉ። ሲከፈቱ አፍንጫን ሳያስጠጉ በእጅ አየሩን ወደ ራስ መሳብ ይበቃል፤ ከላይ የተነሰነሰበት የጋጡን ሽታ ይዞ ይጠብቃል። በአቅራቢያው ካለ ትምህርት ቤት ቀይ የሊትመስ ወረቀት ከተገኘ፣ በውኃ አርሶ ከእያንዳንዱ ክዳን ሥር ማንጠልጠል ይቻላል። አሞኒያ የነካው ቀይ ወረቀት ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚለወጥም የመጡት አርሶ አደሮች ቆመው ማየት ይችላሉ።